መቋቋሚያ ገንዘብና የሠለጠነ እጅ
በጅቡቲ ከተማ፥ በሆዳን ሠፈር፥ ለመምህራን ጉባኤ የተሰጠ ንግግር



ከጅቡቲ ከተማ መካከል ተነሥቶ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ የተሻገረ ሰው ባልባላ ከሚባለው ሰፊ የከተማ ክፍል ይደርሳል። ባልባላ የተቈረቈረው በችግር ነው። በ1966 ዓ.ም. የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከተማውን በሽቦ አጥር ባጠረ ጊዜ፥ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ጎጆውን እየቀለሰ ተቀመጠ፤ ሠፈሩም ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። ሆዳን ከዚሁ ከባልባላ ክፍሎች አንዱ ነው። ቃሉ ሶማሊኛ ሲሆን ትርጓሜው «ባለጠጋ» ማለት ነው። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ ያለውን ሳይሆን የሚመኘውን እንደሚጠራ ሁሉ፥ ይህም ስም የተስፋ ስም ይመስላል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በእንዲህ ያለው ሠፈር የሚያድግ ወጣት፥ በጅቡቲም ይሁን በድሬዳዋ ወይም በአዲስ አበባ፥ ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ አዲስ ዓይነት ምኞት ያድርበታል። ይኸውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ከመጠበቅ ይልቅ፥ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ በሚሠራ ጥበብ የራሱን ድርጅት ማቋቋም ነው። እንዲህ ያለው ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው መቋቋሚያ ገንዘብ፥ ሁለተኛው የሠለጠነ ሠራተኛ ነው። የብዙ ሰው አስተያየት ግን በአንደኛው ላይ ብቻ ያርፋል፤ «ገንዘቡ ቢገኝ ኖሮ ሌላው ሁሉ በቀለለ ነበር» ይባላል። ይህ ንግግር የዚህን አባባል ጉድለት ለማሳየት የታሰበ ነው። ዕውቀትን ቀድሞ የመጣ ገንዘብ ሥራውን ሊያስጀምር ይችላል፤ የሥራውን ጌትነት ግን ከአገሬው እጅ ያወጣዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን ለማሠልጠንና የሠለጠነውንም በሥራው ላይ ለማቆየት ሊውል ይገባል። ለዚህ የሚሆነውን ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ይበቃል።

በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለውን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ በ1896 ዓ.ም. ኩባንያውን አቋቋመ። ይህ ኩባንያ በዘመኑ ዛሬ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚባለውን ዓይነት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሥራው በአገሩ ያልታወቀ፥ ትርፉ ያልተረጋገጠ፥ ባለሙያው ከባሕር ማዶ የሚመጣ፥ ገንዘቡም አገሩን አይተው ከማያውቁ ሰዎች በአክሲዮን ሽያጭ የሚሰበሰብ ነበርና።

ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ዓ.ም. ነው። በ1902 ዓ.ም. መጨረሻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፥ በኋላ ድሬዳዋ ከተባለው ስፍራ ደረሰ። እዚያም ቆመ። ያቆመው የድንጋዩ ጥንካሬ ወይም የበረሃው ሐሩር አልነበረም፤ የገንዘብ እጦት ነበር። አክሲዮኑ እንደ ታሰበው አልተሸጠም። የጎደለውንም ለመሙላት የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ወደ ኩባንያው መግባት በጀመሩ ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ሰጋ፤ በየካቲት 1902 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቈጣጠር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለሌላ መንግሥት ስላልነበረ፥ ይህን ውል በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ ኩባንያውም በ1907 ዓ.ም. ከሰረ። በ1908 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመና፥ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍል በ5 ዓመት ሲያልቅ፥ ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው 15 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ገንዘብ ብቻውን አይመጣም፤ የሰጪውን ፈቃድ አስከትሎ ይመጣል። ገንዘቡ ብድር ቢሆን የመክፈያ ቀን አለው፤ አክሲዮን ቢሆን ድምፅ አለው፤ ድጎማ ቢሆን ደግሞ ውለታ አለው። ተቀባዩ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚቀበልና ስለ እርሱም ምን እንደሚለቅ አስቀድሞ ካላወቀ፥ ሥራው በተጀመረበት እጅ ላይ አይጨረስም።

የዚሁ የባቡር ታሪክ ሁለተኛ ወገን ደግሞ የሠራተኛው ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ዘመን መሐንዲሱና ሹሙ ከአውሮፓ የመጣ ነበር፤ የአገሬው ሰው ድርሻ አፈር መቈፈር፥ ድንጋይ መፍለጥና ሸክም መሸከም ነበር። ነገር ግን ባቡር የሚሰበር ነገር ነው። ለተሰበረው ብሎን ሁሉ ከማርሴይ ባለሙያ ማስመጣት አይቻልም። ስለዚህ በድሬዳዋ ታላቅ የመጠገኛ ወርክሾፕ ተቋቋመ፤ የአገሬው ልጆችም ብረት መቅረጽ፥ መበየድና ሞተር መፍታት በዚያ ተማሩ። ትምህርቱ የተሰጠው በመጽሐፍ ሳይሆን በባለሙያው ጐን ቆሞ በማየት፥ ቀጥሎም በመሞከር፥ በመጨረሻም ኀላፊነትን በመቀበል ነበር። አባት ለልጅ እያስተላለፈው ሙያው በቤተሰብ የሚታወቅ ሆነ። ለገሃር የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንኳ በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ የሠፈር ስም ሆኖ ቀርቷል።

ኩባንያው ግን ባለቤት እየለዋወጠ ኖረ። ጅቡቲ በ1977 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በ1981 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆነ። ሐዲዱ አርጅቶ መለዋወጫ ከውጭ መምጣቱ ሲቀር፥ የድሬዳዋ ሠራተኞች የጎደለውን ዕቃ ራሳቸው እየቀረጹ አሮጌውን ባቡር ሲያንቀሳቅሱ ታዩ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ አክሲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፥ ውሉ ተሻረ፥ የገባው ገንዘብም አለቀ፤ በሠራተኛው እጅ የገባው ሙያ ግን አልተሻረም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ ትምህርት ደግሞ አሳይቷል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መሥመር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፥ በጥር 2017 ዓ.ም. በጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በጥር 2018 ዓ.ም. ነው። የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። የብድሩ ሸክም ከሥራው ገቢ ጋር አልመጣጠን ስላለ፥ በዚያው በ2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቻይና ጋር ተነጋግራ የመክፈያው ዘመን ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ሆነ። ባቡሩን የማንቀሳቀሱ ሥራም ለ6 ዓመት በቻይና ኩባንያዎች እጅ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወጣቶች ከቻይናውያኑ ጐን እየቆሙ መንዳትን፥ ምልክት መቈጣጠርን፥ የኤሌክትሪኩን መሥመር መጠገንን ተማሩ፤ በግንቦት 2024 ዓ.ም. ሥራውን ተረከቡ። ብድሩ የሁለቱ መንግሥታት ፊርማ ስለ ነበረበት በአጭር ጊዜ ተገኘ፤ ባለሙያው ግን ዓመታት ፈጀ። ገንዘብን በአንድ ቀን መፈረም ይቻላል፤ ሰውን በአንድ ቀን ማሠልጠን አይቻልም።

ቅደም ተከተሉን የለወጠ ምሳሌ ደግሞ ከጅቡቲ ራሷ ይገኛል። ጅቡቲ 1ኤ የተባለችው ትንሽ ሳተላይት በኅዳር 2023 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ወደ ጠፈር ተላከች። ሥራዋ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራ ከተተከሉት የአየር ጠባይና የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች መረጃ መሰብሰብ ነው፤ ዝናብ እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ለሚጎበኘው አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሳተላይቷን በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ የዩኒቨርሲቲ የጠፈር ማዕከል የሠሯት በዚያው የሠለጠኑ የጅቡቲ ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ናቸው። አሠራሩን የተመለከተ ሰው የሚያደንቀው የሳተላይቷን መጠን አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው። በመጀመሪያ ወጣቶች ተመረጡ፤ ቀጥለው ሠለጠኑ፤ በሥልጠናቸውም ላይ ሳተላይቷን ሠሩ። እንግዲህ የወጣው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ገዛ፤ አንዱ ወደ ሰማይ ወጣ፥ ሌላው ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሐዲድና ሳተላይት የመንግሥታት ሥራ ናቸው። በሆዳን የሚኖረው ወጣት ግን ከመንግሥት ጋር ውል የሚፈራረም አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ወደ እርሱ መጠን ዝቅ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ፈጠረች እንበል። ከባልባላ ዳር፥ ፒኬ 12 በሚባለው ስፍራ፥ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ወረፋ ሲጠብቁ በየቀኑ ታያለች። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፥ ጭኖ የሚወጣው መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይወርዳል። እርሷም ለባለመኪናውና ለባለጭነቱ በእጅ ስልክ የሚያገናኛቸው ፕሮግራም ብትሠራ፥ ባዶ የሚመጣው መኪና የሚጭነው ነገር ባገኘ፥ ነዳጅም ባልባከነ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚያስፈልጋት ሕንጻ ወይም መጋዘን አይደለም፤ ፕሮግራሙን አብሯት የሚጽፍ አንድ ሰው፥ ሒሳብ የሚይዝ አንድ ሰው፥ ሾፌሮቹን በአማርኛም በሶማሊኛም በአፋርኛም አነጋግሮ የሚያሳምን አንድ ሰው፥ የእነዚህም የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው።

ለገንዘቡ ወደ ባንክ ብትሄድ ባንኩ መያዣ ይጠይቃታል። ባንኩን መውቀስ አይገባም፤ የሚያበድረው የሌላውን ሰው አደራ ነውና፥ ቤት ወይም መሬት ይዞ ቢጠነቀቅ ግዴታው ነው። የእርሷ ሀብት ግን በራሷ አእምሮ ውስጥ ያለ ስለሆነ ሊታተምና ሊያዝ አይችልም። በኢትዮጵያ በ2019 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1147 አዋጅ ተሽከርካሪን፥ ማሽንንና የመሳሰለውን ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ለመጠቀም መንገድ ከፍቷል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ትራክተር ላለው ገበሬ የሚረዳውን ያህል፥ ከአሮጌ ኮምፒውተር በቀር ሌላ ለሌላት ወጣት አይረዳትም።

ከባንክ ተመልሳ ወደ እቁብ ብትሄድስ? ኢትዮጵያውያን እቁብ፥ ሶማሌዎች ሐግባድ የሚሉት ይህ የመተማመን ማኅበር፥ መያዣ ሳይጠይቅ ስንቱን ነጋዴ ለሱቅ አብቅቷል። ነገር ግን እቁብ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መክፈል ይጀምራል። ጨርቅ ገዝቶ ለሚሸጥ ይህ ይመቻል፤ ዛሬ የገዛውን ነገ ይሸጣልና። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ሥራው ገንዘብ ከማምጣቱ በፊት አንድ ዓመት፥ ምናልባትም ሁለት ዓመት ያልፋል። በዚህ መካከል ዕጣዋን የምትከፍለው ከምን ነው? ከወንድሟ ደመወዝ ወይም ከእናቷ ጉልት ነው። ድርጅቱም ሳይበስል እዳው ይደርሳል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚስማማው ገንዘብ ከጥፋቱም ከልማቱም የሚካፈል ገንዘብ ነው። ሰጪው ድርሻ ይይዛል፤ ሥራው ቢጠፋ ከሰሪው ጋር ይጠፋበታል፥ ቢለማ አብሮ ይለማለታል። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ገንዘብ ልማድ ሆኗል። በጎረቤት አገር በኬንያ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ኤምፔሳ የተባለው በእጅ ስልክ ገንዘብ የመላኪያ ሥራ እንኳ፥ ታላቁ የቮዳፎን ኩባንያ ብቻውን ሊደፍረው ስላመነታ፥ የብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ሰጥቶ ሙከራውን አስጀምሮታል። ባለጠጋው ኩባንያ በመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚደግፈው ካስፈለገው፥ የሆዳን ወጣት ቢያስፈልጋት የሚያስገርም አይደለም። በኢትዮጵያ በ2021 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጥቶ፥ በጥር 2025 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራውን መጀመሩ ተበሥሯል። ይህ ገበያ ለጀማሪዎች በቀጥታ ባይደርስም፥ ዛሬ በድርሻ የገባ ሰው ነገ ድርሻውን የሚሸጥበት በር መኖሩን ካወቀ ለመግባት ይደፍራል።

ከሁሉ የሚበልጥ ግን ገና ብዙ ያልተነገረለት አንድ የገንዘብ ምንጭ አለ፤ እርሱም ደንበኛ ነው። ወደቡ፥ የባቡር ድርጅቱ፥ የመብራትና የውሃ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ከውጭ ከሚገዙት አገልግሎት ጥቂቱን ብቻ ከአገር ውስጥ ጀማሪ ድርጅቶች ቢገዙ፥ ለወጣቷ ከብድር ሁሉ የተሻለ በሆነላት ነበር። ብድር እዳ ይተዋል፤ ሥራ ግን ገንዘብም ልምድም ይተዋል። የተፈረመ የሥራ ውል በእጇ ያለ ሰው ወደ ባንክም ቢሄድ የሚሰማው ያገኛል።

ጅቡቲ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሠረት የሌላት አገር አይደለችም። ብዙ የባሕር ውስጥ የመገናኛ ገመዶች ከዳርቻዋ ይወጣሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም የመረጃ ማዕከል ተቋቁሞባታል። ገንዘቧ ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ የጸና ስለሆነ፥ የኢትዮጵያ ነጋዴ ለብዙ ዘመን የተቸገረበት የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ለጅቡቲ ነጋዴ ጭንቀት አልሆነም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ይመጣላታል። ጉድለቷ ሌላ ነው። ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን የሚቈጠር ስለሆነ ገበያው ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፥ ሰፊ ገበያም አላት፤ ባሕር ግን የላትም። አንዱ የጎደለው በሌላው ደጅ አለ። ስለዚህ በፒኬ 12 የተጀመረ ሥራ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሊዘልቅ ካልቻለ፥ ጥፋቱ የወጣቷ ሳይሆን የሕጉና የድንበሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፥ ማለት ወደ ሠለጠነው ሠራተኛ መመለስ ይገባል። በዚህ ረገድ ቍጥርን ከሙያ ጋር አንድ አድርጎ መመልከት ብዙ ጊዜ አሳስቷል። በኢትዮጵያ ከ2008 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከ100 እጅ 70 እጁ በሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ቀና ነበር። ነገር ግን ተማሪው በበዛበት ልክ መሣሪያውና የሥራ መለማመጃው አልበዛም። መሐንዲስ ተብሎ የተመረቀው ወጣት ሞተር ሳይፈታ፥ መሥመር ሳይዘረጋ ዲፕሎማውን ይዞ ወጣ። ቀጣሪው «ልምድ አምጣ» አለው፤ ልምዱን የሚሰጠው ግን አልነበረም። በ2024 ዓ.ም. የተጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድም የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፥ የምስክር ወረቀቱ የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳልሆነ መታሰብ አለበት። ዋና በኩሬ ዳር ቆሞ አይለመድም።

ጅቡቲም ዩኒቨርሲቲዋን ያቋቋመችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የሚፈልግ ወጣት በአብዛኛው ወደ ፈረንሳይ አገር ይሄድ ነበር፤ ከሄዱትም የተመለሰ አለ፥ የቀረም አለ። የቀረውን ከሃዲ ማለት ፍርድ አይሆንም። ሰው የሚቀመጠው የተማረውን በሚሠራበት ቦታ ነው። በአገሩ የሚጠብቀው ሥራ የማስታወቂያ ጽሑፍ መተየብ ብቻ ከሆነ፥ ወደ ሌላ አገር ማየቱ አይቀርም። እንግዲህ ባለሙያው ሥራ ስለሌለ ይሄዳል፤ ባለገንዘቡ ባለሙያ ስለሌለ አይመጣም፤ ሥራውም ባለገንዘብ ስለሌለ አይከፈትም። ይህን ክብ አንድ ቦታ ላይ መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ሊቈረጥ የሚችለውም በሰው በኩል ነው።

የህንድ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ህንድ ነጻነቷን ካገኘች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1951 ዓ.ም. በካራግፑር የመጀመሪያውን ታላቅ የቴክኖሎጂ ተቋም ከፈተች። ድሃ አገር ነበረችና ብዙዎች ቅንጦት ነው ሳይሉት አልቀሩም። ከተመረቁትም መካከል ቍጥራቸው ብዙ የሆነ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ነገር ግን ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1981 ዓ.ም. ሰባት መሐንዲሶች 250 ዶላር ብቻ ይዘው ኢንፎሲስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅቶች አንዱ ነው። 250 ዶላር ድርጅት አያቆምም። ድርጅቱን ያቆመው ሰባቱ ሰዎች በሌላ ቦታ ሲሠሩ ያካበቱት ሙያና በመካከላቸው የነበረው መተማመን ነው። ሙያው ሲኖር ትንሹ ገንዘብ በቃ።

በኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. ሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለውን ድርጅት አቋቁማ፥ በኋላ ራይድ ተብሎ የታወቀውን የታክሲ መጥሪያ አገልግሎት ስትጀምር፥ ፕሮግራም የመጻፉን ሙያ ራሷ የምታውቅ ነበረች። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያውን የሥራ ውጤት ለማሳየት ባለገንዘብ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ባለቤቱ ሙያውን የሚያውቅ ድርጅት ገንዘቡ ሲያንስ ሥራውን ያሳንሳል እንጂ አይዘጋም። ሙያውን የማያውቅ ባለቤት ግን ደመወዝ ባቆመ ቀን ድርጅቱም ይቆማል።

ስለዚህ ለሚቋቋመው ገንዘብ ሁሉ፥ የመንግሥትም ይሁን የውጭ ረድኤት ወይም የነጋዴ፥ ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፥ ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለሰው ይውላል? ለሕንጻ፥ ለመኪናና ለምርቃት ድግስ ከሚወጣው ይልቅ፥ ጀማሪ ሠራተኞች ከልምድ አዋቂ ጐን ቆመው ለሚማሩበት ዘመን የሚከፈለው ደመወዝ መብለጥ አለበት። ሁለተኛ፥ ሥራው ቢወድቅ ማን ይጎዳል? ሙሉው ጕዳት በወጣቱ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፥ ደፋሩ ይቀርና የሚመጣው የሚጠፋበት ነገር የሌለው ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ገንዘቡ ባለቀ ማግስት በአገር ውስጥ የሚቀረው ሙያ ምንድን ነው? ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ዕቅድ፥ ምንም ያህል ሚሊዮን ቢጠራበት፥ እንደ 1902ቱ ሐዲድ በመንገድ መቆሙ አይቀርም።

በመጨረሻም ነገሩ ወደ መምህራን ይመጣል። መምህር ገንዘብ የለውም፤ ባንክ አይከፍትም፤ አዋጅ አያወጣም። ነገር ግን ባለገንዘብ የሚፈልገውና በገንዘብ የማይገዛው ነገር የሚፈጠረው በእርሱ እጅ ነው። ይኸውም የጀመረውን የሚጨርስ፥ ያጠፋውን የማይሰውር፥ ሒሳቡን በትክክል የሚጽፍ፥ የተሰበረውን ከመጣል ይልቅ ፈትቶ የሚመረምር ወጣት ነው። እነዚህ ጠባዮች የሚለመዱት በዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ለዚህም ትምህርት ቤቱ በሩን ለሠፈሩ ሥራ መክፈት አለበት። የተበላሸ የእጅ ስልክ፥ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ፥ የሠፈሩ ባለሱቅ የእዳ መዝገብ ወደ ክፍል ቢገቡ፥ ለፊዚክሱም ለሒሳቡም ከሥዕል የተሻሉ መማሪያዎች ናቸው። የሠፈሩ ጠጋኝም ዲፕሎማ ባይኖረው፥ በሳምንት አንድ ሰዓት በተማሪዎች ፊት ቆሞ የሚያውቀውን ቢያሳይ ለትምህርት ቤቱ ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም። ጥንት በኢትዮጵያ ብረት ሠሪውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን የሚሰድብ ክፉ ልማድ ነበረ፤ ምኒልክም ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ስድቡ በቃል ቢቀርም በሐሳብ ገና ፈጽሞ አልቀረም። በእጁ የሚሠራ ልጅ ሰነፍ ተማሪ ስለሆነ ነው የሚል ወላጅም መምህርም ዛሬ አለ። ይህ አስተሳሰብ እስካለ ድረስ ከየትም የሚመጣ ገንዘብ ባለሙያ አያፈራም።

ለሠፈሩ ሆዳን የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች ባለጠግነትን ተመኝተውለታል። የተመኙት ባለጠግነት ከወደቡ በመርከብ ወርዶ በባቡር አልፎ የሚሄደው ዕቃ አይደለም፤ እርሱማ በሠፈሩ አጠገብ ዕለት ዕለት ያልፋል፥ በሠፈሩ ግን አይቀርም። የሚቀረው ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ነው። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ለአንድ ልጅ መዶሻውን ሲያቀብለው፥ ምናልባት ቀኑን ለመግፋት ያህል ብቻ አድርጎት ይሆናል። ኩባንያው አልፏል፤ ፍራንኩ አልፏል፤ የዚያ ልጅ የልጅ ልጅ ግን ዛሬም ብረት ይቀርጻል። የመምህራን ሥራ ከዚህ ያነሰ አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥም ባለገንዘብ የለም።